አንድ ብርጭቆ ዩሪያ

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ቅጠል ማራገፍ ነበር። ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ቁርስ በልተን ስንጨርስ፣ ባለቤቴ መሰላሉን ከማድቤቱ ጀርባ አምጥቶ ከፖሟ ዛፍ ጋር አስደገፈው። እኔ በርጩማዬን ይዤ ከሥሯ ተቀመጥኩ። እሱ የላይኛውን ቅርንጫፍ፣ እኔ የታችኛውን እየያዝን ቅጠሉን በእጃችን እየነቀልን ሳፋ ውስጥ ጣልን።

የማያውቅ ሰው ቢያየን ያበድን ይመስለዋል። ደህና የለመለመ ዛፍ እንደ ዶሮ ላባ መንጨት ምን ይባላል? ነገሩ እንዲህ ነው። ፖም የብርድ አገር ዛፍ ናት። እውነተኛ ብርድ ባለበት ቅጠሏን ራሷ አራግፋ ትተኛለች፤ ከዚያ ነቅታ ታብባለች። የእኛ ሰፈር የቀራንዮ ብርድ ግን ሰው ያስነጥሳል እንጂ ፖም አያስተኛም። ቅጠሏን በእጅ ካላራገፉላት ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ለብሳ ትቆማለች፤ ማበቡንም ትረሳዋለች። ይህን ባለቤቴ የተማረው ከአባቱ አገር፣ ከጨንቻ፣ ሁለት ችግኝ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በአውቶቡስ ባመጣ ጊዜ ነው። አንዷን እኛ ግቢ ተከላት። ፖም ጓደኛ ካላየች ፍሬ አትይዝም ብሎ ሁለተኛዋን ከአጥር ማዶ ላሉት አሮጊት ጎረቤታችን ሰጠ፤ የእኛ ግቢ ለሁለት አይበቃም ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ግማሽ ያህል እንዳራገፍን ከላይ ሆኖ፣ "ዘንድሮ ዩሪያ አልሰጣትም" አለኝ።

"ለምን?"

"ይበቃታል።"

"ዛፍም ይጠግባል?"

"ከሰው ይብሳል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ለዛፍ እንኳ ትሰስታለህ? ንፉግ!"

ሳቀ። "የኬሚስትሪ አስተማሪ ንፉግ ካልሆነ ክፍሉን ያቃጥለዋል" አለ።

እኔ አልሳቅኩም። ሳፋውን አንስቼ ቅጠሉን ልደፋ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ምሳ ቀረበ፣ በሩን ዝጊው፣ ጃንጥላዬን አየሽው ወይ ተባብለናል። ከዚያ ያለፈ ነገር አላወራንም። ማክሰኞ ጠዋት ወደ አየር ጤና ሊሄድ ወጥቶ ፌርማታው ላይ ታክሲ ሲጠብቅ ወደቀ። ሰዎች አፋፍሰው ወደ ክሊኒክ ወሰዱት፤ ነፍሱ ግን አብራው አልደረሰችም። እኔ ስጠራ እጄ ላይ የቅጠሉ እድፍ ገና አልለቀቀም ነበር።

ይህን የምጽፈው እሱን ለማመስገን አይደለም። አልቃሾቹ አመስግነውታል፤ ያልነበረውን ሁሉ ጨምረውለታል። እኔ የምጽፈው ስለ ዛፏና በዛፏ ላይ ስላደረግሁት ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ብርጭቆው ልናገር። ባለቤቴ ዩሪያ የሚሰፍረው በእኔ የሻይ ብርጭቆ ነበር። ነጭ፣ ድቡልቡል፣ ከጤፍ ከፍ ከምስር ዝቅ ያለ ማዳበሪያ ነው። ገበሬው ጤፍና በቆሎው ላይ ይበትነዋል። ባለቤቴ ከግንዱ ርቆ፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ ጠባብ ቦይ ቆፍሮ፣ እዚያ ውስጥ አፍስሶ አፈር ያለብሰዋል፤ ከዚያ ውሃ ያጠጣል። አፈር ካላለበስከው ወደ አየር ይበናል፤ ግንዱ ሥር ከደፋኸው ሥሩን ያቃጥላል ይላል። በዓመት አንድ ብርጭቆ፣ እሱንም ለሦስት ከፍሎ። "ናይትሮጅን የሚያሳድገው ቅጠሉን ነው" ይለኝ ነበር። "ትንሽ ሲሆን ቅጠሉ ፍሬውን ይመግባል። ሲበዛ ቅጠሉ ራሱን ብቻ ይመግባል።"

እኔ አላምነውም ነበር። የተወለድኩት ሸዋ ገጠር ነው። አባቴ ማዳበሪያ ያገኘ ዓመት ጎተራችን ይሞላል፤ ያላገኘ ዓመት ጎረቤት ደጅ እንጠናለን። ማዳበሪያ ማለት ለእኔ እህል ማለት ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ እሑድ ባለቤቴ መድኃኔ ዓለም ሊያስቀድስ ሲወጣ እኔ አሞኛል ብዬ እቀርና አንድ ብርጭቆ እጨምርላት ነበር። ቦዩን ከፍቼ፣ አፍስሼ፣ አፈሩን መልሼ፣ በመጥረጊያ አስተካክዬ። ሲመለስ ብርጭቆው ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ነው። ይህን ለስድስት ዓመት አድርጌዋለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። ኃጢአት አይመስለኝም ነበር።

የለቅሶው ድንኳን ሲተከል የእድር ሰዎች አንዱን ገመድ ከፖሟ ግንድ ጋር አሰሩት። ቅጠሏ ተራግፎ ራቁቷን ቆማለች። ለቀስተኛው ሁሉ ቀና እያለ ያያታል። በሁለተኛው ቀን አንዷ ሴትዮ፣ "አያችሁ? ዛፉም አብሮት ደረቀ!" አለች። ከዚያማ ነገሩ ሙሾ ውስጥ ገባ። የተከለው ሲሞት የደረቀው ዛፍ እየተባለ ደረት ተመታበት። እኔ ነኝ ያራገፍኳት፣ በእነዚህ እጆቼ፣ ቅዳሜ ዕለት ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ባሏ የሞተባት ሴት የምትጮኸውን ማን ቃል ብሎ ይሰማል? ለቅሶ ነው ብለው ደግፈው አስቀመጡኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሣ፣ ዋርሳዬ ግቢውን በእርምጃ ሲለካ አየሁት።

ዋርሳዬ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቤቴል የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አለው። ግቢው ከአባታቸው የወረሱት ስለሆነ ካርታው በሁለቱ ስም ነው፤ ስለዚህ መለካቱ መብቱ ነበር። እኔ የጠላሁት መለካቱን ሳይሆን፣ ሲለካ ከንፈሩ ቁጥር እየቆጠረ፣ ሰው ቀና ብሎ ሲያየው ደግሞ ያንኑ ከንፈር ለለቅሶ የሚመጠው መሆኑን ነው።

ልጅ አልወለድንም። ይህን የምጽፈው ዋርሳዬ በየአጋጣሚው ስለሚያነሣው ነው። ፊት ለፊት አይደለም፤ "ወራሽ የሌለው ቤት" ይላል፤ "ባዶ ግቢ" ይላል። እኔ ውስጡ ተቀምጬ።

በአርባው፣ ተዝካሩ ተበልቶ ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር አረፍ እንዳሉ፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እታለም፣ ይሄ ደረቅ እንጨት እኮ ቦታ ይዞ ነው የቆመው።"

"ዓይን ካለህ ቀና በል። አብባለች።"

ቀና አለ። እውነትም አብባ ነበር። ነጭ፣ ጫፉ ላይ ሐምራዊ የነካው፣ ንብ የሰፈረበት አበባ። ሙሾ ካወረዱባት ሴቶች አንዷም ቀና ብላ አላየችውም።

"አበባ አይበላም" አለ።

"በሐምሌ ና።"

"በሐምሌ ምን ልታበይኝ?"

"ፖም።"

"እኔን? እኔ የፖም አገር ልጅ ነኝ እኮ፤ በፖም አታታይኝም።"

የፖም አገር ልጅ! የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ጨንቻን ያየው ሁለት ጊዜ ለቀብር ሄዶ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በብርዱ ተማርሮ በማግስቱ ተመልሷል። ይህንኑ ነገርኩት። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

"እሺ" አለ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "በሐምሌ እመጣለሁ። ሰው የሚበላው ፍሬ ካሳየሽኝ አልነካትም። ካላሳየሽኝ መስከረም ላይ ትወድቃለች። ሁለት ክፍል እሠራበታለሁ።"

"ይሁን" አልኩ።

ማሰብ ነበረብኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት እንዲህ ያለ ውል ከመግባቴ በፊት አንድ ሌሊት እንኳ ማደር ነበረብኝ። ግን ተናድጄ ነበር። ዋርሳዬን ዝም ለማሰኘት የነበረኝ ዛፏ ብቻ ናት።

በማግስቱ ዘርና ፀረ ተባይ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ አሥር ኪሎ ዩሪያ ጠየቅኩ። ሻጩ ወጣት፣ ቀልደኛ ቢጤ ነው።

"ለምን ሰብል ነው እናቴ?"

"ለፖም።"

"ስንት ሄክታር?"

"አንድ ዛፍ።"

"ለአንድ ዛፍ አሥር ኪሎ? ሊድሯት ነው እንዴ?"

"ስፈርና ዝም በል" አልኩት።

ዝም ብሎ ሰፈረ። ከረጢቱን በታክሲ አምጥቼ ማድቤት አስቀመጥኩት። ባለቤቴ በዓመት የሚሰጣትን አንድ ብርጭቆ እኔ በየሳምንቱ እሰጣት ጀመር። አሁን የምደበቀው ሰው የለም፤ ከቅዳሴም ቀርቻለሁ። እሑድ ጠዋት ቦዩን እከፍታለሁ፣ አፈስሳለሁ፣ አፈር አለብሳለሁ፣ ሁለት ባልዲ ውሃ እደፋለሁ። ሲረጥብ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ የከብት ሽንት የሚመስል ሽታ አለው። ሽታው ደስ ይለኝ ነበር። አንዳንድ ጊዜ እያፈሰስኩ አወራዋለሁ፤ "ንፉግ፣ አሁን እይ" እለዋለሁ።

እውነት ለመናገር ዛፏ ቆንጆ ሆና ነበር። በሚያዝያ ቅጠሏ ጠቆረ፤ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ዓይነት። በግንቦት ከየቅርንጫፉ ክንድ የሚያህል አዲስ ለጋ ቡቃያ ሽቅብ ተመዝዞ የበረንዳውን ጣሪያ አለፈ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ያያት ጀመር። እድር የሚሰበስቡት ሰውዬ፣ "አቤት ልምላሜ! ጋሼ ነፍሱን ይማር፣ እጁ ነው" ሲሉ፣ "የእኔ እጅ ነው" አልኳቸው።

በዚያው ወር ፍሬው መርገፍ ጀመረ። አበባው የያዘው ጥቃቅን ፍሬ ጠዋት ስነሣ መሬት ላይ ተበትኖ አገኘዋለሁ። እንደ ሽምብራ፣ ከዚያ እንደ ለውዝ ያህል ሆኖ። ለጋው ቡቃያ ጫፍ ላይ ደግሞ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሰፈረበት፤ ለስላሳ ቅጠል ይወዳል። ቅጠሉ ተጨማደደ፣ አጣበቀ፣ ጉንዳን ወጣበት። እኔ ምን አልኩ? ርቧት ነው አልኩ። ወደ ሁለት ብርጭቆ አሳደግኩት።

ከአጥር ማዶ ያለችው ጓደኛዋ ባንድ ቀን የመጣች፣ ባንድ አፈር የተተከለች ናት። አሮጊቷ የሚሰጧት የምድጃ አመድና የዕቃ እጣቢ ብቻ ነው። ቁመቷ የእኔዋን ግማሽ አይሞላም፤ ቅጠሏም ገርጣ ያለ ነው። ፍሬዋ ግን አልረገፈም። በአጥሩ ቀዳዳ አያታለሁ። አንድ ቀን አሮጊቷ ያዙኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሻት ነው እንዲህ የፈረጠመችው?"

"ተመችቷት ነዋ።"

"ልጄ፣ በጣም የሰባች ጊደር ኮርማ አታስጠጋም። ስትዘል ትውላለች እንጂ አታረግዝም።"

ልጅ እንዳልወለድኩ እያወቁ ይህን ማለታቸው አቃጠለኝ። "እርስዎ ዓይንዎን ከግቢዬ ላይ ያንሡልኝ!" አልኳቸው።

"ዓይኔን? ዓይኔማ ሞራ ገርዶታል። እንኳን ሊበላሽ ሊያይሽም አልቻለ።"

ቀልድ መሆኑ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ጉዳዩ ተፈታልኝ። ዓይናቸው ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። የእኔ ፍሬ ሲረግፍ የእሳቸው የማይረግፈው ለምንድን ነው ታዲያ? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሠላሳ ዓመት የሠራሁ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ሚስት፣ በማግስቱ ሠራተኛ ጠርቼ አጥሩ ላይ ዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ አስመታሁ። አሮጊቷ ሚስማሩ ሲመታ ወጥተው አዩ። ሥራው ሲያልቅ "እግዜር ይስጥሽ፣ ነፋሱን ከለልሽልኝ" ብለው ገቡ።

በሐምሌ ዋርሳዬ ቃሉን አክብሮ መጣ። ዛፏ ላይ የቀረው አሥራ አንድ ፍሬ ነበር። ፍሬዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ የጡጫ ያህል። ግን አንዱም አልቀላም፤ ያ ሁሉ ቅጠል ጥላ አጥልቶባቸው እንደ ቅል ሐመልማላዊ ሆነው ቀርተዋል። አንዱን ቆርጬ በሳህን ከቢላዋ ጋር አቀረብኩለት።

ለሁለት ከፈለው። ሥጋው ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት። አንዴ ገመጠ፣ አላመጠ፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ በመሐረቡ ተፋው።

"ይሄ ፖም ነው ዱባ?"

"ብላ።"

"አንቺ ብዪው።"

አነሣሁት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ሙሉውን በላሁት፣ መሐሉን ከነዘሩ። ጣዕም የሚባል የለውም። ውሃ ነው፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ የሚመር ውሃ።

"መስከረም" አለና ተነሣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ "ሰው የሚበላው ብዬ ነበር። አንቺን ሰው አይደለሽም ማለቴ አይደለም" አለ። ይህን ያለው ለማጽናናት ይሁን ለመስደብ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ተንኳኳ። አሮጊቷ ናቸው። በርጩማ ላይ ቆመው በቆርቆሮው አናት አንድ ሳህን አሳለፉልኝ፤ አምስት ትናንሽ ቀይ ፖም። "ዘንድሮ ያንተን ድርሻ ለማን እሰጣለሁ ብዬ ነው" አሉ፤ እኔን ሳይሆን እሱን የሚያናግሩ ይመስል። ቀድሞ በየዓመቱ የሚሰጡት ለእሱ ነበር። አንዱን ገመጥኩ። ጠንካራ ነው፤ ቀጭ ይላል፤ መጀመሪያ ይኮመጥጣል ከዚያ ይጣፍጣል። የእኛዋም ፍሬ በደህናው ዘመን እንዲህ ነበር። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የባለቤቴን መሳቢያ ከፈትኩ።

እዚያ ውስጥ ደብተር እንዳለ አውቃለሁ። የተማሪ ደብተር ነው፤ ስለ ዛፏ በየዓመቱ ይጽፍበታል። ከሞተ ጀምሮ አልነካሁትም። ጥል ጀምረን፣ ሳንጨርስ፣ ጥሎኝ ሄዷል፤ የማነበው ነገር እንዳለው አልተሰማኝም ነበር። የዚያን ቀን የከፈትኩት ልክ አለመሆኑን ላሳየው ነው። በአንድ ብርጭቆም ቢሆን ፍሬው መጥፎ የሆነበት ዓመት ይኖራል ብዬ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተራ ናቸው። "አንድ ብርጭቆ፣ በሦስት ጊዜ። ፍሬው ቀይ፣ ጥቂት።" በሚቀጥለው ዓመት፣ "አንድ ብርጭቆ። ቅጠሉ በዛ። ፍሬው ገረጣ። ለምን?" ከዚያ በታች በሌላ ቀለም፣ "ጨምራለች። ቦዩ ተነካክቷል።"

ቁጭ አልኩ።

በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ገጾች ያው ነው፤ "ዘንድሮም ጨምራለች። ዝም አልኩ።" ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዓመት፣ "እኔ ግማሽ ብቻ ሰጠሁ፤ እሷ ጨመረች። ትንሽ በዛ።" ከዚያ፣ "እኔ ሩብ ሰጠሁ፤ እሷ አንድ። ፍሬው ደህና።" በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው የዚያ ቅዳሜ ነው። ከመሰላሉ ወርዶ እጁን ታጥቦ የጻፈው መሆን አለበት። "ቅጠል አራገፍን። ዘንድሮ እኔ ምንም አልሰጣትም። የእሷ ይበቃል።"

ይህን ያነበበ ሰው አለቀስሽ ወይ ይለኝ ይሆናል። አላለቀስኩም። ተናደድኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ አውቆ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ብርጭቆዬን ታጥቦ መደርደሪያ ላይ እያየ፣ የራሱን እየቀነሰ ለእኔ ቦታ መልቀቅ ምን ዓይነት ጨዋነት ነው? ቢጮህብኝ ኖሮ እጮህበት ነበር፤ ተጯጩኸን ልኩን እማር ነበር። እሱ ግን ዝም አለኝ። ዝም ስላለኝ ልኩን የያዘው እሱ ብቻ ሆነ፤ ሲሞት ይዞት ሄደ። እኔ ደግሞ በመጨረሻ ያልኩት ንፉግ ነው። ደብተሩን ወርውሬ በሩ ላይ መታሁት። ከዚያ አነሣሁትና የተጣጠፈውን ገጽ በእጄ አቃናሁት።

በመስከረም ዋርሳዬ መጋዝ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር መጣ። በርጩማዬን ወስጄ ከዛፏ ሥር ተቀመጥኩ።

"እታለም፣ በውላችን እንሂድ።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩት።

"ምኑ?"

"ፍሬው። አብዝቼ ሰጠኋት።"

"ምን ሰጠሻት?"

"ዩሪያ።"

"ስንት?"

"ስምንት ኪሎ ይሆናል።"

ሰዎቹን ዞር ብሎ አያቸው፣ ከዚያ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ መኪናው ላይ ተደግፎ ሳቀ። "ባልየው የኬሚስትሪ መምህር፣ ሚስትየዋ በዩሪያ ነፍሰ ገዳይ! እኔ ልገዘግዛት የመጣሁትን አንቺ እኮ ጨርሰሻታል!"

እስኪበቃው ድረስ ጠበቅኩት። በሕይወቴ ለዚህ ሰው ጥፋቴን መናገር የመጨረሻው የምፈልገው ነገር ነበር፤ ግን ሌላ የምሰጠው እውነት አልነበረኝም።

"ሁለት ዓመት ስጠኝ" አልኩት። "አፈሩ ውስጥ ያለው ታጥቦ እስኪያልቅ። ሌላ ምንም አልሰጣትም።"

"እኔ ምን ላገኝ?"

"ክፍሎችህን በማድቤቱ በኩል ሥራ። አፍርሰው።"

ሳቁን አቆመ። "የት ልታበስይ?"

"በረንዳ ላይ።"

"ለዛፍ ብለሽ?"

"ለዛፍ ብዬ።"

ወደ ማድቤቱ ዞሮ አየ። ሊያፍር ነው ብዬ ነበር። "በር በኩልም ስለሆነ ለተከራይ ይሻላል" አለ። ሽማግሌዎቹን አስጠርተን ወረቀት ላይ አሰፈርነው፤ የፈረምኩት በባለቤቴ እስክሪብቶ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ማድቤቴ ፈረሰ። የተረፈው ዩሪያ ከረጢቱ ውስጥ እርጥበት ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር፤ ግንበኞቹ ከፍርስራሹ ጋር ጭነው ወሰዱት።

በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሏን ብቻዬን አራገፍኩ። እሺ ብላ አልተኛችም። የጠገበ ዛፍ እንቅልፍ እንደ ጠገበ ልጅ ያስቸግራል፤ ባራገፍኩ በሳምንቱ እንደገና ቅጠል አወጣች። ያበበችው ጥቂት ነው፤ የያዘችው ደግሞ ከዚያ ያነሰ። በሐምሌ የቆረጥኳቸው አራቱ ግን አንድ ጎናቸው ቀልቶ ነበር። ዋርሳዬን አልጠራሁትም። ሁለቱን ለአሮጊቷ ሰጠሁ፤ የሰጠኋቸው ቆርቆሮውን ካስነቀልኩ በኋላ ነው። "ነፋሱ ተመለሰ" አሉኝ። ዓይናቸውን ግን ዘንድሮም አላሳከሙም፤ ስነግራቸው ይቆጡኛል።

ክፍሎቹ አልቀዋል፤ ተከራይ ገብቶባቸዋል። የተከራዮቹ ቴሌቪዥን ጠዋትም ማታም ይጮሃል፤ እኔ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ስከትፍ ዜናውን ሳልፈልግ እሰማለሁ። ዝናብ ሲመጣ ምድጃውን ወደ ውስጥ እስባለሁ። ዋርሳዬ ኪራይ ሊሰበስብ ሲመጣ ዛፏን ቀና ብሎ ያያታል። እንኳን ደኅና መጣህ አልለውም። "ሐምሌ ደረሰ" ይለኛል፤ ሐምሌ ግን ገና ነው።

ዘንድሮ ሁለተኛው ዓመት ነው። በውላችን መሠረት በዚህ ሐምሌ ሰው የሚበላው ፍሬ ካልያዘች ዛፏ ትወድቃለች። አዲሱ ቡቃያ ዘንድሮ ከስንዝር አላለፈም፤ ቅጠሉም ገርጣ ያለ ነው፣ እንደ አሮጊቷ ዛፍ። በባለቤቴ ደብተር ላይ ከእሱ የመጨረሻ መስመር ሥር "አልጨመርኩም" ብዬ ጽፌያለሁ። የሻይ ብርጭቆው መደርደሪያ ስለሌለኝ መስኮቱ ላይ ነው ያለው፤ ሻይ እጠጣበታለሁ።

አሁን ጥር ነው። ትናንት የታችኛውን ቅርንጫፍ ጨርሻለሁ። ዛሬ መሰላሉን አስደግፌ የላይኛውን አራግፋለሁ።